ሳቁ የማን ነው? የአእምሮ ሕመምን በኮሜዲ ድራማ ስለማሳየት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ የፊልም ስክሪፕቴን እየጻፍኩ ነው። ኮሜዲ ድራማ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ የሚያንርና የሚጥል የአእምሮ ሕመም) ያለበት፣ የ12 ዓመት ሴት ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ነው። ታሪኩን የምናየው በልጅቷ ዓይን ነው። ረቂቁን ለጓደኞቼ ሳነብላቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። ወንድሟ የታመመባት አንዷ ጓደኛዬ ግን ጭጭ አለች። ምንም አላለችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል። በዚህ ነገር ማሳቅ ነውር ነው? ነውር ካልሆነስ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ረቂቁን አያይዤልዎታለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ረቂቅሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች፣ ቀጥሎ እንደ ሥነ አእምሮ ሐኪም። በመጀመሪያው ንባብ ከልቤ ሳቅሁ። በሁለተኛው ግን አንዳንድ ገጾች ጋ ስደርስ እርሳስ አነሳሁ። የምጽፍልሽ በተለይ ስለ እነዚያ ገጾች ነው።

ነውር አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ትንፋሽሽ ይመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ባይፖላር ያለባቸው ብቻ 40 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ይህን ሁሉ ሰው «በእነሱ ነገር አይሳቅም» ብለን ለብቻው ካስቀመጥነው ከሰው ተራ አወጣነው ማለት ነው። እነሱ ራሳቸው ይስቃሉ። ቤታቸው ውስጥ ይሳቃል። እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ እንባ ብቻ ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ምርጥ ቀልዶች ብዙዎቹን የሰማሁት ግን እዚያው ነው።

አንዱን ላጫውትሽ። ባለታሪኳ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። አንዲት ወጣት ሕመሟ በጠናባት ሰሞን ንግሥት እንደሆነች ታምን ነበር። ከተሻላት በኋላ ስለዚያ ጊዜ ስታወራኝ እንዲህ አለች፦ «ሳሎን መሀል ቆሜ ንግሥት መሆኔን አወጅኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ‹እሺ ንግሥቴ፣ መጀመሪያ ሳህኑን እጠቢ› አለችኝ።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ጨመረችበት፦ «አጠብኩት እኮ ዶክተር። ግን እያለቀስኩ ነው ያጠብኩት። ንግሥትነቴን እናቴ እንኳ አላወቀችልኝም ብዬ።»

ይህ ታሪክ ለምን ያስቃል? ንግሥት ነኝ ማለቷ አይደለም የሚያስቀው። እሱ የሕመሙ ምልክት ነው፤ እንደ ትኩሳት፣ እንደ ሳል። የሚያስቀው እናትየዋ ናት። ግራ ገብቷት፣ ፈርታ፣ ምን እንደምትመልስ ጠፍቷት፣ እጇ ላይ ባገኘችው ነገር መለሰች፤ በሳህን። ደግሞም ቀልዱን ይዛ የመጣችው ልጅቷ ራሷ ናት። በራሷ ታሪክ ላይ ሥልጣን አላት። መቼ እንደምንስቅ፣ መቼ እንደምናቆም የወሰነችው እሷ ናት። «ድንበሩ የቱ ጋ ነው?» ስትዪኝ የምመልስልሽ ይህንን ነው። ምልክቱ አያስቅ፤ ሰውየው ያስቅ። እያንዳንዱ የሚያስቅ ትዕይንት ላይ ስትደርሺ «ይህ ሳቅ የማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ገጽ 9 እንሂድ። አባትየው ማኒያ ውስጥ ሆኖ፣ ማለትም ስሜቱና ጉልበቱ ከልክ በላይ በናረበት የሕመሙ ጊዜ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቤቱን ወንበሮች ይፈታታል። የልጁ እግር ቀዝቃዛ ወለል እንዳይነካ ከመኝታ ቤቷ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ የእንጨት ድልድይ ሊሠራላት ነው። ሲነጋ ጎረቤቶች በመስኮት አይተው ይንከተከታሉ። ጓደኞችሽ ፍርስ ያሉት እዚህ ጋ እንደሆነ እገምታለሁ። ድልድዩ ግሩም ሐሳብ ነው። አባትየው ልጁን ምን ያህል እንደሚወዳት፣ ሕመሙም የዚህን ፍቅር ልጓም እንደፈታው በአንድ ምስል አሳይተሻል። ችግሩ ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ውጭ ቆሞ በመስኮት ያያል። ጓደኛሽ የኖረችው ደግሞ ከመስኮቱ በውስጥ በኩል ነው። ጭጭ ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

ካሜራውን ወደ ቤት አስገቢው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። ልጅቷ በመዶሻ ድምፅ ትነቃለች። አባቷ ወለሉ ላይ አንሶላ ዘርግቶ ብሎኖቹን በመጠን በመጠናቸው ደርድሯቸዋል። «አባዬ፣ አትተኛም?» ትለዋለች። «ተኝቼ ጠገብኩ እኮ!» ይላታል። የተኛው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ድልድዩን ያስረዳታል። ከድልድዩ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ከትምህርት ቤቷ በዓለም ላይ እግሩ ወደሚበርደው ልጅ ሁሉ፣ ከዚያ ወደሚከፍተው ፋብሪካ ይዘላል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ያስቃል፤ ከሚለው ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለውና። እሷም ትስቃለች። ድልድዩ ላይ ወጥታ ትራመዳለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ስታይ የአባቷ ባዶ እግር ብሎን ረግጧል። አንሶላው ላይ ደም ጠብ ጠብ ብሏል። እሱ አልተሰማውም። ያወራል። ልጅቷ ካልሲዋን አውልቃ እግሩን ትጠርግለታለች። እሱ አሁንም ያወራል።

እዚህ ትዕይንት ላይ ተመልካቹ የሚስቀው ከልጅቷ ጋር ነው። ሳቁ ሲቆምም ከእሷ ጋር እኩል ይቆማል። ድልድዩን አልነካሁብሽም፣ ቀልዱንም አልቀነስኩብሽም።

እንቅልፉን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በማኒያ ውስጥ ካሉ ምልክቶች ሁሉ ለፊልም የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። እንቅልፍ አጥቶ የደከመ ሰው እና እንቅልፍ የማያስፈልገው ሰው ይለያያሉ። ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ተኝቶ እንደ አዲስ ሰው ይነሳል። ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። አብሮ የሚኖር ልጅ ደግሞ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ብዙ ልጆች የወላጃቸውን ሕመም በጆሯቸው ያነባሉ። በሌሊት የሚሰማ እርምጃ፣ የሳህን አስተጣጠብ ፍጥነት፣ በበሩ ሥር የሚታይ የመብራት መስመር። ልጅቷ ይህን ሁሉ ታውቃለችና ተጠቀሚበት። ሐኪሙ በረጅም ንግግር የሚያስረዳበትን ገጽ 22ን ያስቀርልሻል።

ገጽ 14ን ግን ማለፍ አልችልም። አባትየው ጠዋት ይፈነድቃል፣ ምሳ ላይ ያለቅሳል፣ ማታ ይጨፍራል። ይህ ባይፖላር አይደለም። ፊልሞች ደጋግመው ስላሳዩት ነው እውነት የመሰለን። ማኒያ ለመባል ስሜቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መቆየት አለበት። ሆስፒታል የሚያስገባ ከሆነ ብቻ ነው ቀኑ የማይቆጠረው። ድባቴው፣ ማለትም ስሜቱ የሚወድቅበት ጊዜ፣ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል። እኛ ሐኪሞች «ፈጣን» የምንለው ዓይነት እንኳ በዓመት ውስጥ አራት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ የሚመላለሰውን ነው። በዓመት ነው ያልኩት፣ በቀን አይደለም። ፊልምሽ ጊዜ እንዲያልፍ መፍቀድ አለበት። የልጅቷ ፀጉር ይርዘም። ጫማ ይጥበባት። በማኒያውና በድባቴው መካከል ደግሞ አባትየው ደህና የሚሆንበት ረጅም ጊዜ አለ። ሥራ ይሄዳል፣ የቤት ሥራ ያስጠናታል፣ ቁልፉን ይረሳል። ይህን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዘለሽዋል። እኔ ብሆን ግን ከፊልሙ ሲሶውን ለእሱ እሰጠው ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ የምናውቀው ያኔ ነው። ደህና ሲሆን የማያስቅ ሰው ሲታመም ብቻ ካሳቀን፣ የሳቅነው በሕመሙ ነው።

ማኒያው ራሱ ሁሌ ደስታ አይደለም። ቶሎ መናደድም አለበት። ማንም «ተው» ካለው ያ ጨዋታ አዋቂ አባት በሰከንድ ይለወጣል። ገንዘብ ያለ ልክ ይወጣል፣ ቃል ይገባል፣ ለማያውቀው ሰው ይደወላል። ከዚያ ሲያልፍ የሚመጣው ኀፍረት ነው። ስለዚህ ኀፍረት የተሠራ ነገር ብዙ አላየሁም፤ ይቆጨኛል። አባትየው ሲሻለው በዚያ ሳምንት የገዛውን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ ከልጁ ጋር ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ለመመለስ ሲለምን አስቢው። ስድስት ጃንጥላ። ሁለት ጊታር፣ መጫወት ሳይችል። አንዱ ባለ ሱቅ ይቆጣል፣ አንዱ ያዝናል፣ አንዷ ደግሞ «ያን ቀን እንዴት ደስ የሚል ሰው ነበሩ!» ትለዋለች። ይህቺ ሦስተኛዋ ናት ልቡን የምታሳምመው። እዚህ ውስጥ ያለውን ሳቅና ለቅሶ መለየት አይቻልም። አንቺ የምትፈልጊው የፊልም ዓይነትም ይህ ነው።

ወደ ድባቴው ልምጣ። አባትየው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ፣ እንባው በጉንጩ ሲወርድ ጽፈሻል። እንባ ይኖራል። ከባዱ ድባቴ ግን ብዙ ጊዜ እንባ እንኳ የለውም። ማልቀስ ቢችሉ ደስ እንደሚላቸው የነገሩኝ ሰዎች አሉ። እኔ ድባቴን የማየው በዝግታ ነው። ሰው ይዘገያል። አካሉ ይዘገያል፣ መልሱ ይዘገያል። «እንዴት አደርክ?» ብለሽ ትጠይቂውና ዝም ይላል። አልሰማኝም ብለሽ ልትደግሚ ስትዪ «ደህና» ይልሻል። አንድ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አድርጎ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው እግር ሩቅ ሆኖበት ነው።

ይህን ለተዋናይሽ ንገሪው። ጎበዝ የኮሜዲ ተዋናይ ከሆነ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ዝምታን መያዝ ነው። ቀልድ የሚሠራው ከመልሱ በፊት ባለችው ትንሽ ክፍተት ነው። ድባቴም እዚያችው ክፍተት ውስጥ ይኖራል። በመጀመሪያው ግማሽ አባትና ልጅ በፍጥነት የሚቀባበሉት ጨዋታ አለሽ፤ እሷ «አንድ» ስትለው እሱ ወዲያው የሆነ አስቂኝ ነገር የሚመልስበት። ያንኑ ጨዋታ በሁለተኛው ግማሽ ድገሚው። እሷ «አንድ» ትለዋለች። እሱ ዝም ይላል። እንጠብቃለን። ተመልካቹ ከልምዱ የተነሳ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ አፉን ከፍቷል። መልሱ ሲመጣ «ሁለት» ነው። ሙዚቃ አታስገቢበት። ዝናቡንም ተይው።

ስለ መድኃኒቱ። በረቂቅሽ ውስጥ ክኒኑ አንድም ጊዜ ስም የለውም፤ ሁለቴ ብቻ ይታያል። ሊቲየም አድርጊው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚረዳ ካሳወቀ ጀምሮ እስከ ዛሬ ከምንተማመንባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለፊልም ደግሞ ጥሩ ነገር አለው፤ ይታያል። የሚወስደው ሰው ይጠማዋል፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ የብዙዎች እጅ በትንሹ ይንቀጠቀጣል። የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ሲያነሳ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዱ ታካሚዬ ይህን ድምፅ ሰው እንዳይሰማበት ሰፊ ኩባያ በግማሽ ብቻ እያስቀዳ ይጠጣ ነበር። ማንም ሳይነግራት ልጅቷ ለአባቷ ኩባያውን በግማሽ ስትቀዳለት ብታሳዪ፣ ስለ ሁለቱ ፍቅር አስር ገጽ ንግግር አያስፈልግሽም።

መጠኑ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ብዙ ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊሞል መሀል እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ከዚያ ካነሰ ላይሠራ፣ ከበዛ ሊመርዝ ይችላል። ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ኩላሊትና እንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይታያሉ። ስለዚህ ልጅና አባት በጠዋት ላቦራቶሪ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ብዙ ተራ። የሕመሙ ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው፤ ሁለት የሚዋደዱ ጨዋታ አዋቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ደግሞ ሳቅ ራሱ ይመጣል።

መጨረሻው ላይ ግን ልለምንሽ ነው። አባትየው ክኒኖቹን ወንዝ ውስጥ ይጥላቸዋል፣ ልጁ ታቅፈዋለች፣ ይድናል። እህቴ፣ ይህን አታድርጊ። ሊቲየምን በድንገት ያቆመ ሰው ማኒያው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ያ ወንዝ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያምራል። በማግስቱ ግን አንድ ልጅ እናቱን ክኒን ውሰጂ እያለ ሲለምን «ፊልሙ ላይ አላየህም?» ልትለው ትችላለች። ልጅቷ ላይ የሚጭነውም አለ። ፍቅር ካዳነ፣ ያልዳነው የማን ጥፋት ነው? «ይበልጥ ብወደው ኖሮ» እያሉ ያደጉ ልጆችን አውቃለሁ። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አሁንም ይላሉ።

ክኒን መጣሉን ግን ሙሉ በሙሉ አስወጪው አልልም። ሰዎች ያቆማሉ። ለምን እንደሚያቆሙ ግን በሐቅ ጻፊው። የጎንዮሽ ጉዳቱ አንዱ ነው። «ደህና ነኝ፣ ለምን እወስዳለሁ?» ሌላው ነው። ከሁሉ በላይ ጥቂት ሰው የሚያወራው ምክንያት ደግሞ ማኒያውን መናፈቃቸው ነው። ያ ብርሃን፣ ያ ፍጥነት፣ ሁሉም የሚወድሽ የሚመስልበት ጊዜ። አባትየው «አንቺ ራስሽ ያኔ ነበር ይበልጥ የምትወጂኝ» ቢላትስ? ድልድዩን የሠራላት ያኛው አባት ነው። እውነት አለው። ልጅቷ ምን ትመልሳለች? እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ይህን ከመለስሽ መጨረሻሽን አገኘሽ።

ገጽ 47 ላይ አባትየው ራሱን ሊያጠፋ ይሞክራል። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃንና በስክሪን የሚቀርብበት መንገድ በሕይወትና በሞት ላይ ለውጥ ያመጣል። ዘዴውን አታሳዪ፣ ስሙንም አትጥሪ። ቦታውን አታስውቢ። ሞትን እንደ ዕረፍት ወይም እንደ መፍትሔ አታቅርቢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለፊልምና ለመድረክ ባለሙያዎች ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ፤ ፈልገሽ አንብቢው፣ አጭር ነው።

ግን ዝም በዪ አላልኩሽም። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለኮሜዲ ጸሐፊ የሚያበረታ ነገር ነው። በኦስትሪያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የጋዜጣ ዘገባዎችን መርምሮ ነበር። ራሱን ለማጥፋት አስቦ ያን ክፉ ጊዜ በሌላ መንገድ ስላለፈ ሰው የሚያወሩ ዘገባዎች፣ ራስን የማጥፋት ቁጥር ከመቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት። ፓፓጌኖ ማነው? እ.ኤ.አ. በ1791 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው የሞዛርት ኦፔራ፣ በአስማተኛው ዋሽንት፣ ውስጥ ያለው ወፍ አጥማጅ ነው። አስቂኙ ሰው እሱ ነው። መብላትና መጠጣት የሚወድ፣ ወሬ የሚያበዛ፣ ፈሪ። የሚወዳትን ያጣ ሲመስለው መኖር ያስጠላዋል። እስከ ሦስት እቆጥራለሁ ይላል፤ እስከዚያ ማንም ካልመጣልኝ አበቃ። በእንቢልታው እየነፋ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። በቁጥሮቹ መሀል ዙሪያውን ያያል፤ ሰው እንዲመጣለት ይፈልጋልና። ተመልካቹ ይስቃል፣ ሆዱም ይባባል። ሦስት ልጆች ደርሰው «ደወሎችህን ረሳሃቸው እንዴ?» ብለው ያስታውሱታል።

አየሽ፣ ሰው ከሞት የተመለሰበትን ትዕይንት ያገኘነው ከቀልደኛው ገጸ ባሕሪ ነው። ለምን? ቀልደኛው ፍላጎቱን መደበቅ አይችልም። ቁጥሩን ሲያዘገይ መኖር እንደሚፈልግ እናያለን። በአብዛኞቹ ታካሚዎቼ ላይ የማየውም ይህንን ነው። ሞትን እየተመኙም ቁጥሩን ያዘገያሉ። ገጽ 47ን እንደገና ስትጽፊው አባትየው የሚያዘገይበትን ነገር ፈልጊለት። ስልክ ይደውል። ጥሪው ይነሳ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ግራ ይጋባ፣ የማይሆን ነገር ይናገር፣ ግን ስልኩን አይዝጋ።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልልም። ፍርግርግና ጩኸቱን ቀንሺው። የሕክምና ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በመሰልቸት ነው። ገጽ 52 ላይ አባትየው ነቅቶ እያለ ታስሮ በኤሌክትሪክ ይመታል። ይህን ምስል ከድሮ ፊልሞች ነው የወረስነው። የኤሌክትሪክ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ ሲጀመር ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ እንደነበር እውነት ነው። ዛሬ በትክክል ሲሰጥ ግን ሰውየው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻው እንዲላላ መድኃኒት ወስዶ ነው፤ የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። የመርሳት ችግር ሊያስከትል ይችላል፤ ይህንን አልደብቅሽም። ግን ለከባድ ድባቴ ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና ነው። እንደ ቅጣት ያየው ቤተሰብ ሕክምናውን እምቢ ይላል። እምቢ ያሉ ቤተሰቦች ፊት ተቀምጬ አውቃለሁ።

«እብድ» የሚለውን ቃል አውጪው ወይ ብለሽ በገጹ ዳር ጽፈሻል። አታውጪው፤ ሰዎች ይሉታላ። «ነካ አድርጎታል» ይላሉ፣ «ለቀቀ» ይላሉ፣ «ጨርቁን ጣለ» ይላሉ። ግን ቃሉ ሲነገር የሆነ ሰው ላይ ይረፍ። ጎረቤቱ «ያ እብድ» ሲል ካሜራው ጎረቤቱ ላይ እንዳይቀር፤ ልጅቷን አሳዪን። አባትየው ራሱ በራሱ ላይ ሲለው ሌላ ነው፣ የራሱ ነውና ይበል። ያ ቢላዋ ይዞ የሚሮጠው ሌላው ታካሚ ግን ከነቢላዋው ይውጣልኝ። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት ከሚያደርሱበት ይልቅ ጥቃት የሚደርስባቸው ጊዜ ይበልጣል።

ወደ ጓደኛሽ ልመለስ። ደውዪላት። ፊልሙን እንድትፈቅድልሽ ወይም እንድትከለክልሽ አይደለም፤ ያንን ሸክም አታሸክሚያት። «ያን ቀን ዝም አልሽ፤ ምን አስታወሰሽ?» ብቻ በያት። ከዚያ አንቺ ዝም በዪ። ምናልባት የሚያስቅ ነገር ትነግርሻለች። ከወንድሟም ጋር ልታገናኝሽ ትችላለች፤ እሱ ከፈቀደ። እኔ ምልክቱን፣ መጠኑን፣ ጊዜውን ልነግርሽ እችላለሁ። ጃንጥላዎቹን ይዞ መመለስ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ከተሳተፈ ደግሞ እንደ ባለሙያ ይከፈለው፣ ስሙም ከፈለገ በፊልሙ መጨረሻ ይጻፍለት።

ገጽ 31ን እንዳትነኪው። አባትየው ቴሌቪዥን እያየ ከት ብሎ ይስቃል። የእውነት ሳቅ ነው፤ ጤነኛ ሳቅ። ልጅቷ ግን ደንግጣ ትነሳለች፣ ቀስ ብላ ሄዳ የመድኃኒቱን ዕቃ ትከፍታለች፣ ክኒኖቹን መቁጠር ትጀምራለች። ቤተሰብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት የለም። ሰው ሲስቅ ደስ ሊለን ሲገባ እንፈራለን፤ ጤና ይሁን ሕመም መለየት አቅቶን። አባትየው ያያታል። አይቆጣም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት ይቆጥራል። እሷ «አሥራ ሦስት» ትላለች። «አሥራ አራት መሆን አለበት» ይላል። ደግመው ይቆጥራሉ። አሥራ ሦስት። ልጅቷ ፊቷ ይለወጣል። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ያሳያታል። አሥራ አራተኛው ምላሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት። ተነስታ ውሃ ትቅዳለት፤ በትልቁ ብርጭቆ፣ በግማሽ።